የወይዘሮ አስካለ ማኅደር

ግሼ፣ ራቤል ከተማ የገባሁት በዝናብ ነው። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሁለት ጆንያ የለፋ ቆዳና አንድ ሣጥን መሣሪያ አስወርጄ እስከ ማሠልጠኛ ጣቢያው ድረስ በአህያ አስጫንኩ። የአህያው ባለቤት ጆንያውን አሸተተና «ምንድን ነው የጫንነው?» አለኝ። «ቆዳ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ከገዛ አህያው ራቅ ብሎ ነው የሄደው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አዲስ አበባ ከምሠራበት የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀነስ ከተቀነሱት አንዱ እኔ ነኝ። ራቤል ላይ የቆዳ ሥራ አሠልጣኝ ይፈለጋል ሲባል ሄጄ አመለከትኩ። ሌላ አመልካች ስላልነበረ ቀጠሩኝ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ግርማ ይባላሉ። ከሰው ይልቅ ከወረቀት ጋር የሚግባቡ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ገጽ ሰጡኝ። «የቆዳ ሥራ፤ ለጀማሪ ጎልማሶች፤ ሦስት ወር» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«ምን ምን እንዲሠሩ ነው የሚፈለገው?» አልኳቸው።

«እሱን አንተ ሙላው። ባለሙያው አንተ አይደለህ?»

ሌላ መመሪያ አልነበረም። ሥራዬን እስክለቅ ድረስ የሞላሁት ያንን ባዶ ገጽ ነው። አሁን ወጣት አሠልጣኞች «ለጀማሪ ምን ሥራ ይሰጠዋል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የሞላሁትንም የሰረዝኩትንም ልንገራችሁ። የሰረዝኩት ይበልጣል።

የተመዘገቡት ዐሥራ አንድ ነበሩ። ጧት ክፍል ውስጥ ያገኘሁት ሦስት ሰው ነው። የቀሩት ስምንቱ ከጎን ባለው የልብስ ስፌት ክፍል ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። አንዱን ጠርቼ ለምን እንደማይገቡ ብጠይቀው በአገጩ ወደ ክፍሌ በር ጠቆመኝ። በሩ ላይ «ቆዳ» የሚል በትልቁ በቀለም ተጽፎበታል።

በመንዝና በግሼ ያለ ቆዳ የሚያድር ቤት የለም። በቁርበት ይተኛል፣ እህል በስልቻ ይጫናል፣ ሞፈርና ቀንበር በጠፍር ይታሰራል፣ ብርዱ ሲጠና ለምድ ይደረባል። ቆዳውን ያለፋው ሰው ግን ፋቂ ነው። ፋቂ ደግሞ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። እኔ ይህን ቃል ከስሜ እኩል ነው የሰማሁት። መርሐቤቴ ውስጥ አባቴ ኮርቻ ይሠራ ነበር። ኮርቻው ሲያልቅ ከደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጠውና ዞር ይላል። ባለጉዳዩ መጥቶ የሚያነሣው አባቴ ዞር ካለ በኋላ ነው። ስንት ኮርቻ እንደሠራ አላውቅም። የእሱ መሆኑ የሚታወቅ አንድም ኮርቻ የለም።

ከስፌት ክፍሉ ወደኔ ክፍል የሚያስገባ የውስጥ በር ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ተማሪዎቼ በስፌት በኩል ገብተው በውስጥ በር ይሻገሩ ጀመር። የራቤል ሰው የቆዳ አስተማሪው ለባዶ ወንበር ያስተምራል እያለ ያማኝ ነበር። ሐሜቱን ወደድኩት፤ ተማሪዎቼን ደበቀልኝ።

ከፋብሪካ መምጣቴን ላሳይ ብዬ በጫማ ጀመርኩ። ስሕተት ነበር። ጫማ ለጀማሪ አይሰጥም። መቁረጥ፣ ማሳሳት፣ መወጠር፣ መስፋት፣ ሁሉም በአንዴ ይመጣበታል። በሁለት ሳምንት አንዱ ጆንያ ቆዳ አለቀ። አቶ ደምሴ የሚባሉ ሽበት ያላቸው ገበሬ ነበሩ። የሠሩትን ጫማ አገላብጠው አዩና «መምህር፣ ይቺ ለፍየል ትሆናለች» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩና ወረቀቴ ላይ ጫማን ሰረዝኩ።

በእሱ ቦታ ጠፍር ጻፍኩ። ክብ ቆዳና ስለታም ቢላዋ ትሰጣላችሁ። ተማሪው ከጠርዙ ይጀምርና ቢላዋውን ሳያነሣ እየዞረ እስከ መሐል አንድ ወጥ ጠፍር ያወጣል። የጀርባው ቆዳ ወፍራም፣ የሆዱ ስስ መሆኑን ያለ ትምህርት በጣቱ ያውቀዋል። ከተበጠሰበትም የትም አይወድቅም፤ ለአህያ ማሰሪያ ይሆነዋል። ሌላም ጥቅም አለው። ገበሬ ጠፍር ከጥንትም ራሱ ይቆርጣል፤ ለዚያ ማንም ፋቂ አይለውም። አቶ ደምሴ የመጀመሪያውን ጠፍራቸውን በገበያ መሐል በትከሻቸው ጥለው ነው የሄዱት።

ሁለተኛው ቀበቶ ነው። ቀዳዳ እኩል መምታትንና ጠርዝ ማለስለስን ያስተምራል። ሦስተኛው የቢላዋ አፎት ነው፤ ስፌት የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። እዚህ ስደርስ አንድ ነገር ገባኝ። ወንዶቹ መርፌ ሲይዙ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሴቶቹ ግን ወስፌን ከኔ በፊት ያውቁታል። ሰፌድና መሶብ ሲሰፉ ነው የኖሩት። ስለዚህ ወንዱን በቢላዋ፣ ሴቷን በወስፌ አስጀምሩ።

ከሴቶቹ ሁሉ የምትበልጥ እጅ የወይዘሮ አስካለ ነበረች። ከራቤል ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬድ መንደር የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። በሬዎቹ አልቀዋል፤ መሬቱን የእኩል ሰጥተዋል። ለሥልጠናው ሲሉ እኅታቸው ዘንድ ራቤል ተቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀሩና ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊቴ ቆሙ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እኔ አገር ቤት ስፌት ነው የምማረው ብያለሁ።»

«እሺ።»

«ዘነበች የምትባል ልጅ አለችኝ። ሃያ ዓመት ሞልቷታል። ለቄስ መንግሥቱ ልጅ፣ ለዲያቆኑ ታጭታለች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ይህ ነገር እንዳይሰማብኝ። ከዚያ ወዲያ እኔን እንደፈለጉ ይበሉኝ።»

«ከኔ አፍ አይወጣም» አልኳቸው። ከአፌም አልወጣም።

አራተኛው ሥራ ማኅደር ነበር። ማኅደር የመጽሐፍ ቤት ነው፤ ካህኑ ዳዊቱን ከትቶ በትከሻው የሚያንጠለጥለው። ቆዳው ይርስና በመጽሐፉ ልክ በተጠረበ እንጨት ላይ ይወጠራል። ሲደርቅ እንጨቱን መስሎ ይቀራል። ከዚያ ክዳኑ ይሰፋል፣ ማንገቻው ይገባል። ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ግን የተማረውን ሁሉ ያሠራዋል። የመረጥኩት ግን ለዚያ ብቻ አልነበረም። ቤተ መቅደስ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ መረጥኩት። ተማሪዎቼ እጃቸው የት ድረስ እንደሚገባ ይዩ ብዬ ነው።

ወይዘሮ አስካለ የሠሩትን ማኅደር አሁንም በዓይኔ አየዋለሁ። ስፌቱ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ነው፤ ክዳኑ ሲገባ ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ፋብሪካ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ አይሰፋም። እኔም አልሰፋም።

ሦስቱ ወር ሊያልቅ ሲል አቶ ግርማ መጡ። በገበያ ቀን እንግዶች ይመጣሉ፤ የተማሪዎች ሥራ ይታያል፤ በያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሠሪው ስም ይኑር አሉ።

«ወረቀት ለጥፍበት» አሉኝ።

«ወረቀት ይወድቃል» አልኩ።

እዚህ ላይ ስለራሴ መናገር አለብኝ። ፋብሪካ ሳለሁ እያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥር ነበረው። ቁጥሬ በሰፋሁት ጫማ ውስጠኛ ሶል ላይ ይመታ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ቁጥሬን ሳየው ደስ አለኝ፤ አባቴ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ስማቸውን ላትምላቸው ቆረጥኩ። ትልልቅ ምስማር ገዝቼ ራስ ራሱ ላይ በሞረድ ፊደል አወጣሁ፤ ለዐሥራ አንዱ ስም የሚበቃ ፊደል ብቻ። ቆዳውን በትንሹ አርሶ፣ ምስማሩን አቁሞ በመዶሻ አንዴ መምታት ነው። ሲደርቅ ፊደሉ አይለቅም።

የሁሉንም አተምኩ። ተራው የወይዘሮ አስካለ ሲሆን ማኅደሩን ጭናቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«የኔን ይተዉልኝ፣ መምህር።»

«እስከ መቼ ነው በስፌት በር የሚገቡት?»

«እስከ ፋሲካ። ነግሬዎት የለም?»

«ይኼ እኮ ማኅደር ነው። ለቤተ ክርስቲያን ነው። በማኅደር ማን ክፉ ይናገራል?»

አሰቡና «እንግዲያው የማርያምን ስም ያትሙበት» አሉ።

«ማርያም አልሰፋችውም» አልኩ።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም በግድ ሳቁ። በመልሴ ረካሁ፤ ዛሬ ሳስታውሰው ያመኛል። አስተማሪ ነበርኩ፣ ሰው ፊት ነበርን፣ ለአስተማሪ እምቢ ማለት ደግሞ አልለመዱም። «እርስዎ ካሉ» አሉና እንጨቱን ወደ ማኅደሩ መልሰው እንዳይንቀሳቀስብኝ በሁለት እጃቸው ያዙልኝ። አራት ፊደል ነው፤ አ፣ ስ፣ ካ፣ ለ። አራት ጊዜ መታሁ። የታተመው የኔ ቁጣ ነበር፤ ስሙ ግን የሳቸው ነው።

በገበያው ቀን ዕቃዎቹን ከጣቢያው ግቢ በጠረጴዛ ላይ ደረደርን። ሰው ሲጎርፍ ጥምጥም ያደረጉ፣ መስቀል የያዙ አንድ ካህን መጡና ማኅደሩን አነሡት። ክዳኑን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «እሰይ! እንዲህ ያለ ማኅደር ካየሁ ቆየሁ» አሉ። ከዚያ ገለበጡት።

«አስካለ... የማን አስካለ?»

አቶ ግርማ ደስ ብሏቸው «ያቻትልዎት!» ብለው ጮኹ።

ወይዘሮ አስካለ ከጠረጴዛው ማዶ ሰም ያጠቆረው ጣታቸውን በነጠላቸው ሸሽገው ቆመዋል። ካህኑ ቄስ መንግሥቱ መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ወይዘሮ አስካለ ቀረብ ብለው መስቀል ሊሳለሙ አጎነበሱ። ቄሱ መስቀሉን ወደ ጉያቸው መለሱት። ክፉ ቃል አልተናገሩም። ማኅደሩን ከፍለው ወሰዱና በትከሻቸው አንጠልጥለው ሄዱ።

እኔ ራቅ ብዬ ስለነበርኩ ያየሁት ሲከፍሉ ብቻ ነው፤ የመስቀሉን ነገር አላየሁም። ቄስ ገዛው ብዬ እየሮጥኩ መጣሁ።

«አዩ? ይኸው ገዙት!» አልኳቸው።

«መስቀል ነሱኝ» አሉ።

በሳምንቱ ቄሱ ሽማግሌ ልከው እጮኝነቱን አፈረሱ። ሲታጩ የሁለቱም ወገን አጥንት እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነበር፤ የወይዘሮ አስካለ ዘር ገበሬ ነው፣ እንከን አልተገኘበትም። «አጥንቱማ ደህና ነው፤ ነገሩ እጅ ላይ ነው» ብለው ነው ሽማግሌዎቹ የተናገሩት።

አቶ ደምሴን ይዤ ለልመና ወደ ቄስ መንግሥቱ ቤት ሄድኩ። አቶ ደምሴን ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ለኔ በርጩማ ከደጅ ወጣልኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ማኅደሩ ከበሩ አጠገብ ካለው ካስማ ላይ ተንጠልጥሏል። ዳዊት ገብቶበታል።

ቄሱ ወጥተው ከበሩ መቃን ተደግፈው አነጋገሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

«ለኔ ብቻ ቢሆን ግድ የለኝም። ልጄ ነገ ቅስና ይቀበላል። ፋቂ አግብቷል ከተባለ ማን ከእጁ ይቆርባል? እስቲ አንተው ንገረኝ።»

ዓይኔ ማኅደሩ ላይ ቀረ። የታችኛው ጠርዙ ወደኔ ዞሯል። ስሙ የነበረበት ቦታ ተልጦ ያብረቀርቃል።

«ስማቸውን ምን አደረጉት?»

«ፋቅሁት። ብራና ስፍቅ ነው ያደግሁት፤ ፊደል ማጥፋት አያቅተኝም።»

በጥሩ እጅ ነው የተፋቀው፤ ቆዳው አልቆሰለም። እንግዲያው እርስዎም ፋቂ ነዎት የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ሰው ላስታርቅ ነበር የሄድኩትና ዋጥኩት። ስለዋጥኩትም የተገኘ ነገር የለም። ቢያንስ ብናገረው ኖሮ እላለሁ፤ ያ ንዴት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሠርጉ ሊሆን በነበረበት ሰሞን፣ የወይዘሮ አስካለ ጎረቤት ሕፃን አተኮሰው። አስካለ በዓይኗ አይታው ነው ተባለ። ሕፃኑ ዳነ፤ እሳቸው ግን በሰው ቤት መቀመጫ አጡ። የመሬቱ እኩል አራሽ እህሉን ከደጅ አውርዶ ሳይገባ ይመለስ ጀመር። ቤታቸው ገብቶ እህል የሚቀምስ ጠፋ። ዘነበች ወደ ዓረብ አገር ሄደች። እናትየው መንደሩን ለቀው የት እንደገቡ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ራቤል ላይ ጥቂት ዓመት ሠራሁ። ማኅደርን ከወረቀቴ ሰረዝኩ። ምስማሮቹን በቆርቆሮ ከትቼ ከሣጥኔ ሥር ጣልኳቸው። ከዚያ መርሐቤቴ ወዳለችው ዓለም ከተማ ተዛወርኩ፤ ለሀገሬም ቀረብኩ።

ዓለም ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ከገበያው ዳር፣ ከቆዳ ሠሪዎቹ ተርታ አንዲት ሴት ተቀምጠው የተቀደደ ጫማ ይሰፋሉ። ስፌቱን ነው ያወቅኩት። ፊታቸውን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ወይዘሮ አስካለ!»

ቀና ብለው አዩኝ። «ውይ፣ መምህር! ሸበቱ እኮ» አሉ።

ከጎናቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዘነበች ጠየቅኳቸው። ሁለት ዓመት ያህል በሰው ወሬ ትልክ ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ከአንድ ቤት ወጥታ ሌላ ቤት ገባች ያለ አለ፤ ሌላም ያለ አለ። የሚያምኑትን አልነገሩኝም። ይህን ሲያወሩ ክሩን ከሰሙ ላይ እየጎተቱ ነበር፤ እጃቸው አላቆመም።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እንጨቱን የያዝኩልዎ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ይቅር እንበል አላሉም፤ አልልም አላሉም።

ዓለም ከተማ አዲስ ክፍል ስንከፍት ሴቶቹን ስፌት እንዲያስተምሩልኝ ለመንኳቸው። መጡ። ጎበዝ አስተማሪ ናቸው። ሲያስተምሩ አይጮኹም፤ የተጣመመ ስፌት ሲያዩ ዝም ብለው ይፈቱታል። ተማሪዎቹ ከኔ ይልቅ እሳቸውን ይፈሩ ነበር።

በመዝጊያው ቀን ኃላፊው እንደ ልማዱ ስም ይጻፍ አለ። ቆርቆሮውን ከሣጥኔ አወጣሁ። ማተም የሚፈልግ ራሱ ያትም፤ የማይፈልግ ይተው፤ ማንም ማንንም አይጠይቅ አልኩና ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ደጅ ቆሜ አንድ መዶሻ ሲመታ ሰማሁ፤ አራት ጊዜ።

ስገባ ተማሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አንዱም ምስማር አልነካም። ወይዘሮ አስካለ ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ እርጥብ የቢላዋ አፎት ይዘዋል። ለማስተማሪያ የሰፉት ነው። አነበብኩት።

«አሁን የሚጎዳብኝ ማን አለ?» አሉኝ። «ይኑርበት።»

መደሰት ይገባኝ ነበር። አልተደሰትኩም።

ለጀማሪ የምትሰጡትን ጠይቃችሁኝ ነበር። መጀመሪያ ጠፍር አስቆርጡ፤ ከዚያ ቀበቶ፣ ከዚያ አፎት። ማኅደርን የሚሠራ ተማሪ ካገኛችሁ አሠሩት። ስሙን ግን እናንተ አታትሙ። ዕቃውን ይዞ ቤቱ የሚገባው እሱ ነው።